ቀላል ሰው ፍለጋ

ሺሺንዳን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋሽ ተሰማ፣ «ለገሰ፣ ቀስ በል እንጂ» አሉኝ። በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምሄደው። ከዚያ በታች ቀስ ማለት መቆም ነው። እሳቸው የፈሩት ግን ቁልቁለቱን አልነበረም፤ ዋጫ መድረሱን ነበር።

የስፖርት መምሪያው ሃይሉክስ ያረጀ ነው። ሰሌዳው የመንግሥት ኮድ አራት፣ የግራ መስኮቱ በእጅ ካልተደገፈ የሚወድቅ፣ ሬዲዮኑ አንድ ጣቢያ ብቻ የሚይዝ። ያ አንድ ጣቢያ ደግሞ ከነጋ ጀምሮ ስለ ጦርነቱ ያወራል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ሰሜኑ ይነድዳል፤ እኛ ዘንድ አዲስ ክልል ሊመሠረት ነው ተብሎ ቦንጋ በባንዲራ ተሸፍናለች። በአንድ ጆሮ ለቅሶ፣ በአንድ ጆሮ እልልታ ሲገባ ሰው ይደነዝዛል። እኔ የወሎ ሰው ነኝ። እናቴ ያለችበት ከተማ ስልክ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ለምን ዘጋኸው ያለኝም አልነበረም።

ከኋላ ወንበር ወንድማገኝ ተቀምጧል። ጭምብሉ አገጩ ላይ ወርዷል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ ዓይኖቹ መስኮቱ ላይ። የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ የተሰጣውን ቀይ ቡና ያያል ብዬ በመስታወቱ አየሁት። አያይም ነበር።

ምክትል ሳጅን ወንድማገኝ በሰባ አንድ ኪሎ የድሮው ክልላችን የቦክስ ሻምፒዮን ነው። አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድም ሰው አልጣለውም። የማንኪራ ልጅ፣ የማረሚያ ቤት ፖሊስ፣ ዕድሜው ሃያ ስድስት። ከአምስት ሳምንት በፊት እናቱ እትዬ በዛወርቅ ሞቱ። ቡና ለቀማ ብቻቸውን ወጥተው፣ ጫካ ውስጥ ዛፍ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነው የተገኙት። ወንድማገኝ ከካምፕ ተጠርቶ መጣ። አስከሬኑን ተሸከመ። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ለመጣው ሰው ሁሉ ብድግ እያለ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። በአራተኛው ቀን ልምምድ ገባ። አንድ እንባ ጠብ አላለውም። ወንዶቹ «ጀግና ነው» አሉ። ሴቶቹ ደግሞ «ምን ዓይነት አንጀት ነው?» ተባባሉ። እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ በሐሳቤ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፣ አሁን ያሳፍረኛል።

ጋሽ ተሰማ ግን ሌላ ነገር አዩ። እሳቸው በደርግ ጊዜ ለፖሊስ ሠራዊት በቦክስ የተጋጠሙ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ዛሬም ድረስ «ሃምሳ አለቃ» የሚሏቸው አሉ። የወንድማገኝ አሰልጣኝ ናቸው። ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ልምምድ ላይ አንድ ጀማሪ በቀኝ እጁ ወንድማገኝን አፉ ላይ መታው። ደም ፈሰሰ። ወንድማገኝ እጁን አላነሳም፤ አልሸሸም፤ የመታውን ልጅ ዝም ብሎ አየው። ጀማሪው ደንግጦ ባይቆም ኖሮ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንደዚያው ቆሞ ይቀበል ነበር። ጋሽ ተሰማ ልምምዱን አቋረጡና እኔ ወዳለሁበት መጡ።

«አየኸው?» አሉኝ። «የሚያመው ሰው ነው እጁን የሚያነሳው። ይሄ ልጅ አያመውም።»

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው በነገው የምሥረታ በዓል ላይ ከኢሳያስ ጋር የተመደበው። ኢሳያስ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ታላቁን ሳይስም አያልፍም። ግራ እጁ ግን በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ሰው በቃሬዛ አስወጥቷል። ጋሽ ተሰማ የመምሪያውን ምክትል ኃላፊ ወይዘሮ ብርቅዬን ትናንት ቢሮዋ ድረስ ሄደው ለመኗት። እሷ ደግሞ ግጥሚያው የአዲሱ ክልል ሻምፒዮን የሚለይበት የቡድን ማጣሪያ ነው፣ የቀረ ሰው ቡድን ውስጥ አይገባም፣ ባነሩም ታትሟል አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በመጨረሻ ግን ፊታቸውን አይታ ነው መሰለኝ፣ «እሺ ጋሽ ተሰማ፣ ሻምፒዮን ስለሆነ ተጋጣሚ የመቀየር መብት አለው። እስከ ነገ አሥር ሰዓት በዚያው ኪሎ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ፈርሞ ይምጣልኝ» አለች። የዛሬ አሥር ሰዓት ማለቷ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ የዋጫው አሞጽ።

«ጋሼ፣ ሰው ምን ይላል?» አልኳቸው መሪውን እያዞርኩ። «ሻምፒዮኑ ፈርቶ ቀላል ሰው መረጠ ነው የሚባለው።»

«ይባላ!»

«ነውር አይደለም?»

«አንዳንዴ ነውር ነው፣ አንዳንዴ አይደለም።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «እጁ ተሰብሮ የተጠገነ ይመርጣል። ተዘርሮ የተነሳ ይመርጣል። ታይፎይድ ይዞት ከአልጋ የወረደም እንደዚያው። አንድ ዓይና ባፈር አይጫወትም። ነውሩ ጤነኛ ሆኖ፣ ቀበቶውን አቅፎ፣ ዕድሜ ልኩን ደካማ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ላይ ነው።»

«ሐዘንስ?»

«ሐዘን ደንቡ ላይ የለም» አሉ። «ሐኪም አያየውም። ራጅ አያወጣውም።»

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። የሚወራው ስለ እሱ ነው፤ ወንድማገኝ ግን ስለ ሌላ አገር ሰው የሚወራ ያህል ተቀምጧል። «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«ማንም ይሁን» አለ።

«ኢሳያስም ቢሆን?»

«ማንም ይሁን፣ ጋሽ ለገሰ።»

ለምን በስልክ አልጠራነውም ብትሉ፣ ጋሽ ተሰማ እንቢ ስላሉ ነው። ሰውን በስልክ ጠርቶ «ደካማ ነህና ና» ማለት አይቻልም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት መሆን ነበረበት፤ ሁለት ብቻ ነበርን፣ ሁለተኛውም እኔ ነኝ፣ የመንግሥት ሾፌር። ለእኔም ጋቢ አውሰው አለበሱኝ። በጋቢ መኪና መንዳት ምን እንደሚመስል የነዳ ያውቀዋል።

ዋጫ የደረስነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የአሞጽ እናት ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ከፊቱ አቮካዶ፣ ከኋላው እንሰት። ወንድማገኝን መኪናው ውስጥ ትተን፣ ጋቢያችንን አስተካክለን በሩ ላይ ቆምን። እትዬ ተሾመች ብቅ አሉ። አዩን። ጋቢያችንን አዩ፣ ባርኔጣችንን አውልቀን መቆማችንን አዩ፣ አንድም ቃል ሳንናገር ወደ ውስጥ ተመለሱ። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ እየተጣደፉ ሲናገሩ ተሰማን፤ ከዚያ «ሜሪ! ሜሪ!» የሚል ጥሪ፣ የሚሮጥ እግር፣ የሳጥን መከፈት። ተመልሰው ሲመጡ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል።

«ግቡ፣ ግቡ፣ የእግዚአብሔር እንግዶች። ተቀመጡ።»

«ጉዳያችንን ሳንናገርማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተሰማ፤ ወጉ እንዲያ ነውና።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ተሾመች። ፊታቸው ፈካ፣ ተመልሶ ደግሞ ተጨነቀ። «ግን ልጄ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም። አንድ ዓመት ይቀራታል። ደግሞ እኛ የጸሎት ቤት ሰዎች ነን፤ ልጁ የየትኛው ቤተ እምነት ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሜሪ ቀሚሷን ቀይራ እየሰማች ነው፤ የጫማዋ ጫፍ ይታያል።

«እትዬ ተሾመች፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አሉ ጋሽ ተሰማ። «የመጣነው ለወንዱ ልጅዎ ነው።»

«ለወንዱ?»

«ለአሞጽ።»

ሴትየዋ ጋሽ ተሰማን አዩ፣ እኔን አዩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ዓመት የሚበቃ ሳቅ ነበር። ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ አጭር ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ የተቆጣ ይሁን የተገላገለ አላወቅሁም። የጫማው ጫፍ ጠፋ።

አሞጽ ከጓሮ መጣ። ትምህርት ቤቱ ለበዓሉ ተዘግቶ እንሰቱን ሲኮተኩት ነበር፤ እጁ አፈር ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ የስፖርት መምህር፣ አፍንጫው አንዴ ተሰብሮ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ከወንድማገኝ በፊት ሻምፒዮኑ እሱ ነበር። ጋሽ ተሰማን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ትከሻ ሳማቸው። ያሰለጠኑት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ተሰማ ነገሩን አላድበሰበሱትም። ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከኢሳያስ ይልቅ እሱ እንዲገጥም እንደሚለምኑት ተናገሩ። አሞጽ እጁን በሱሪው እየጠረገ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

«ቀላል ነኝ ማለት ነው» አለ።

«ከኢሳያስ ትቀላለህ።»

«ያኔ እኔም እንዲህ ነበር የተመረጠልኝ፣ አስታወሱት? በ2010። ታይፎይድ ይዞኝ ከአልጋ የተነሳሁ ጊዜ። ‹አንድ ጀማሪ አለ፣ የማንኪራ ልጅ፣ ገና እጁን አያውቅም፣ በእሱ ትፍታታለህ› አሉኝ። መጣ። አሸነፈኝ። እስከዛሬ አሸነፈኝ።» በቁጣ አይደለም የተናገረው፤ የሰው ታሪክ እንደሚያወራ ነው። «ለእሱ ያኔ ምን ብለውት ነበር?»

ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አገላበጡ። «ትልቅ ዕድል መጣልህ ነው ያልኩት።»

«አልነገሩትም።»

«አልነገርኩትም።»

«እኔ ግጥሚያው አይደለም የሚከፋኝ፣ ጋሽዬ። ሻምፒዮን ታሞ ቀለል ያለ ሰው ቢፈልግ ሕጉም እውነቱም ይፈቅድለታል። ግን የተመረጠው ሰው ማወቅ አለበት። አውቆ የመጣ ሰው ያግዛል። ሳያውቅ የመጣ ሰው ተታልሏል። እኔ አንዴ አታልያለሁ፣ እንድታለል አልፈልግም።» ወደ በሩ አየ። «መኪናው ውስጥ ነው?»

«ነው።»

«ይምጣና እሱ ይጠይቀኝ። ለምን ቀላል ሰው እንዳስፈለገው ከእሱ አፍ ልስማ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን ደፉ። ያን ልጅ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ካልተናገረ አሞጽ አይፈርምም፤ አሞጽ ካልፈረመ ነገ የኢሳያስ ግራ እጅ አለ። ሄጄ ጠራሁት።

ወንድማገኝ ጎንበስ ብሎ በሩን ገባ። እትዬ ተሾመች ከዚህ በፊት ያውቁታል፤ ልጃቸውን ያሸነፈ ልጅ ነው፣ ግን ውድድር በነበረ ቁጥር እዚህ ቤት ይበላ ነበር። ሁለት ጉንጩን፣ ግንባሩን ሳሙት።

«እንደምነህ ልጄ? ከሳህብኝ! ሥራ ደህና ነው? እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ወንድማገኝ።

እትዬ ተሾመች «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ ሻይ ሊያፈሉ ወደ ማድ ቤት ወጡ። አሞጽ የእትዬ በዛወርቅን ሞት ሰምቷል፤ በሬዲዮ ባይነገርም በመምህራኑ በኩል ዋጫ ደርሷል። እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልጁን ማረም ነበረብን፤ እኔ ግን አልቻልኩም። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ቦንጋ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እናትህ ደህና ናት?» ሲለኝ የምመልሰው ያንኑ ነው፤ ደህና ናት፣ ተመስገን። የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። አፍ ለምዶት ነው።

አሞጽ አጠገቡ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድማገኝ፣ ለምን እኔን መረጥክ?»

«ቀላል ስለሆንክ።»

«እሺ። ቀላል ለምን ፈለግህ?»

ወንድማገኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጸሎት ቤት ካላንደር አየ። የማድ ቤቱ ሳፋ ሲንኳኳ ይሰማል።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሲመቱኝ አይሰማኝም።»

«ምንም?»

«ድምፁን እሰማለሁ። ሌላ ሰው ሲመታ እንደሚሰማው።» ጣቶቹን ዘረጋ፣ አየት አደረጋቸው። «እጄን አንሳ እለዋለሁ። ለምን ይለኛል።»

ከቀብሩ ወዲህ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር። ጋሽ ተሰማ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ። አሞጽ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ፤ ከፊርማው ላይ የአፈር አሻራ ቀረ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለው። «አላቅልልህም። ቀስ ብዬ አልመታህም። ቀስ ብዬ ከመታሁህ ድራማ ነው፤ ለአንተም ለእኔም ነውር ነው። በሙሉ ኃይሌ ነው የምመጣው። ኃይሌ ትንሽ መሆኑ የእኔ ጉዳይ ነው።»

«እሺ» አለ ወንድማገኝ።

ሻዩን በማር ጠጣን። እትዬ ተሾመች ጸለዩልን፤ በጸሎታቸው ውስጥ የወንድማገኝን እናት ዕድሜ እንዲያረዝም አምላክን ለመኑ። አሜን አልን። ሁላችንም አሜን አልን። በተመለስንበት መንገድ አሞጽ ከኋላ ከወንድማገኝ ጎን ተቀመጠ። ወረቀቱን ለወይዘሮ ብርቅዬ ስሰጣት ዘጠኝ ከሃምሳ ነበር።

በበዓሉ ቀን ጠዋት የክብደት ምዘና ሆነ። የስፖርት ሚዛኑ ባትሪው አልቆ ከቡና መጋዘን ባስኩላ፣ የጆንያ መመዘኛው፣ መጣ። መዛኙ ወንድማገኝን መዝኖ በልማድ «ለጆንያው አንድ ኪሎ» ብሎ ቀነሰለት። ሰው ሳቀ። «ጆንያ የለውም አንተ!» ተባለና ተስተካከለ። ወንድማገኝ ውረድ እስኪባል ድረስ ባስኩላው ላይ ቆሞ ነበር።

ሪንጉ የተሠራው ሜዳው መሐል ነው፤ ጣውላ ላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ዙሪያውን የጭነት መኪና ገመድ። ደወል ስላልነበረ የመኪና ቸርኬ ሰቅለው በብረት ይመቱታል። አዲሱ ባንዲራ፣ የሰልፉ ሙዚቃ፣ ነጭ የለበሱ ሴቶች፣ ከየወረዳው የመጣ ሰው። ባነሩ ላይ የኢሳያስ ፎቶ እንዳለ ነው፤ በላዩ ላይ ወረቀት ለጥፈው በእስክሪብቶ «መ/ር አሞጽ» ብለውበታል። ኢሳያስ ራሱ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሲያየን ተነስቶ እጅ ነሳ።

«ሻምፒዮኑ አስተማሪ መረጠ!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። «ለምን የእኛን ቄስ አልመረጠም!» ሳቅ ሆነ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ይሄ ደግሞ ገና ሳይወድቅ ነው የጀመሩት። እኔ የውሃውን ባልዲና ስፖንጁን ይዤ በእኛ ማዕዘን ቆሜአለሁ፤ ጋሽ ተሰማ ነጭ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርገዋል። ግጥሚያው ሦስት ዙር ነው።

የመጀመሪያውን ዙር መናገር አልወድም። አሞጽ እንዳለው በሙሉ ኃይሉ መጣ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ትንፋሹ እስከ እኛ ይሰማ ነበር፤ ግን አላቆመም። ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ። ወንድማገኝ እግሩ ብቻ ይሠራል፤ እግር ልማድ ነው። እጁ ወገቡ ላይ። የተሰነዘረው ሁሉ ያርፍበታል፤ ጉንጩ፣ ጆሮው፣ ጎኑ። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑን አልጨፈነም። ሕዝቡ መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ ጩኸቱ ቀነሰ፣ በመጨረሻ ሜዳው ላይ የጓንቱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ኢሳያስ ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

በዕረፍቱ ጋሽ ተሰማ ከፊቱ ተንበረከኩ። «እጅህን፣ ልጄ። እባክህ።»

«እሺ» አለ። እሺ ማለቱ ምንም ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል።

ሁለተኛው ዙር ተጋመሰ። አሞጽ ደክሟል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። በግራው ወደ ሆድ አሳየው፤ በቀኙ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። እንደ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ። ወንድማገኝ ቆመ። ዓይኖቹ ውሃ ሞሉ። ፊቱ ተኮማተረ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ያላየሁት ፊት ነበር፤ የሚያመው ሰው ፊት። ሁለተኛው ቡጢ ሲመጣ እጆቹ ተነሱ።

ጋሽ ተሰማ ጮኹ። ቃል አልነበረውም ጩኸታቸው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ደቂቃ የቀድሞው ወንድማገኝ ተመለሰ። ሸርተት አለ፣ ዝቅ አለ፣ አሞጽን ገመዱ ላይ አስደገፈው። ግራው፣ ቀኙ፣ እንደገና ግራው። ሜዳው በሙሉ ተነሳ። ያ ቄስ ምረጥ ያለው ሰውዬ ራሱ ሳይሆን አይቀርም «ወንዴ! ወንዴ!» እያለ ጉሮሮው ተሰነጠቀ። አሞጽ በጉልበቱ ሊወርድ ሲል ቸርኬው ተመታ።

በርጩማውን አስገባሁ። የጥርስ መከላከያውን አወጣሁለት። «በቃ! ጨርሰኸዋል! አንድ ዙር ብቻ!» አልኩት።

«አመመኝ» አለ።

«አፍንጫህ ነው፣ ይደርቃል፣ ቆይ…»

ራሱን ነቀነቀ። እኔን ትቶ ጋሽ ተሰማን አያቸው። «ጋሽዬ» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ነው። «እማዬ እኮ ሞተች።»

ስፖንጁ እጄ ላይ ነበር። ውሃው ክንዴ ላይ ወረደ።

«አዎ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ብቻዋን። ጫካ ውስጥ ብቻዋን እኮ ነው የሞተችው። ለለቀማው እመጣለሁ ብያት ነበር።»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

ጓንቶቹን ፊቱ ላይ ደፍኖ አለቀሰ። ከሆድ የሚወጣ፣ ትከሻ የሚያናውጥ ለቅሶ። የቅርቦቹ ሰሙት። «ምን ሆነ? ተሸንፎ ነው?» ይላሉ። አንዱ ሳቀ፣ ጎረቤቱ ገሰጸው። ዳኛው ለሦስተኛው ዙር ተዘጋጁ የሚል ምልክት ሰጠ። ጋሽ ተሰማ ፎጣውን ከአንገታቸው አወረዱ።

«ጋሼ!» ክንዳቸውን ያዝኩ። «ጋሼ፣ አንድ ዙር ነው የቀረው። አሁን እኮ ያሸንፋል። ቡድኑ…»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያሸንፋል።»

ፎጣውን ሪንጉ መሐል ወረወሩት።

ከሜዳው ፉጨቱ መጣ። አሞጽ ፎጣውን አየ። ዳኛው እጁን ይዞ ሊያነሳለት ሲል እጁን አስለቀቀውና የጓንቱን ክር በጥርሱ እየፈታ ወደ እኛ ማዕዘን መጣ። ሸራው ላይ፣ ወንድማገኝ እግር ሥር፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ቁጭ አለ። አሸንፏል፤ የአዲሱ ክልል ሻምፒዮን እሱ ነው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ያለቅስ ነበር።

ዳኛው ሰሌዳውን ይዞ መጣ። ከሌላ ዞን የመጣ ወጣት ነው፤ ማንንም አያውቅም። «አሰልጣኝ፣ ያቋረጡበት ምክንያት መሞላት አለበት» አለ። «ጉዳት ልበል?»

«እናቱ ሞታበት ነው በል።»

ዳኛው ወንድማገኝን አየ፣ ደነገጠ፣ ጭምብሉን አወረደ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አላወቅሁም። መቼ ነው የሞቱት?»

«አሁን» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ዳኛው ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ጻፈው።